አሳምራ የሳለችው ግማሽ ክብ

ይሄኛው የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ የኦቦ ጨመዳ እጅ ነው፣ ከባዱ፣ መሀል አናቷ ላይ ያረፈው፣ ጸሎቱ ሲጠነክር አብሮ የሚጠነክረው፣ እነዚያ ግራ ትከሻዋ ላይ የተደራረቡት የመዘምራኑ ናቸው፣ ላብ ላብ የሚሉ ቀላል እጆች፣ ከኋላ ደግሞ ልብሷን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ የሚያቃናው የእናቷ የብርቄ ነው፣ ሰው ልጇ ላይ እጅ ጭኖ እየጸለየ እሷ ስፌት ታቃናለች፣ እማዬ እማዬ፣ እና ማስተዋል ከዚህ ሁሉ እጅ ሥር ተንበርክካ፣ ዓይኗን ጨፍና የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ፈተናው ላይ የሳለችውን ክብ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች የሚዘጉት፣ ለምንስ።

ለምን። ይሄን ማንም አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም።

ሲሚንቶው ጉልበቷን እየበላው ነው። የሽኝት ጸሎት ነው፣ የሷ ሽኝት፣ ነገ በማለዳ ከነቀምቴ መናኸሪያ ተሳፍራ አዲስ አበባ ልትገባ፣ በቲዮሬቲካል ፊዚክስ ማስተርሷን ልትጀምር፣ ይባላል። ጎፍታ፣ ጎፍታ ኮ፣ ይላሉ ኦቦ ጨመዳ፣ ጌታዬ ማለታቸው ነው፣ ከዚያ ለእናቷ ሲሉ ወደ አማርኛው ይመለሳሉ፣ ብርቄ ኦሮምኛውን ከእሳቸው እኩል ታውቀዋለች፣ የማስተዋልን አባት መገርሳን አግብታ ከመጣች ጀምሮ ገበያዋም በኦሮምኛ ነው ልቅሶዋም በኦሮምኛ ነው፣ መገርሳንም የቀበረችው በኦሮምኛ አልቅሳ ነው፣ ሽማግሌው ግን የሸዋ ሰው ናት ብለው እስከ ዛሬ እንደ እንግዳ ያከብሯታል፣ እሷም ደስ ስለሚላት አታርማቸውም። ልጅህን ወደ ባቢሎን ስትልካት፣ ይላሉ፣ እንደ ዳንኤል ከእኩዮቿ ሁሉ አሥር እጅ አልቃ ትገኝ፣ ባቢሎን እንግዲህ አዲስ አበባ ነው፣ አሜን ይላል ሕዝቡ፣ ቆርቆሮው ጣሪያ ድምፁን መልሶ እላይዋ ላይ ይደፋዋል።

አልተላከችም እኮ። ማን ልኳት።

ዓርብ ነው የደወለችው፣ ከምታስተምርበት ከዲጋ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ባንዲራው ሥር፣ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍል ጸሐፊ ድምጿ ደግ ነው፣ ቆይ እስኪ ልይልሽ የኔ እህት አለች፣ ማስተዋል መገርሳ ነው ያልሽኝ፣ አዎ፣ ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማል፣ የለሽም እህቴ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሞክሪ እሺ። ማስተዋልም እሺ አለች። አመሰግናለሁም አለች፣ ምኑን እንዳመሰገነች እንጃ፣ ከዚያ ወደ ክፍል ገባች፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ሰሌዳው ላይ በባለ ቀለም ጠመኔ መልካም ጉዞ ብለው ጽፈው፣ አበባ ስለው፣ ቆመው አጨበጨቡላት፣ የመጨረሻ ቀኗ ነበራ፣ መልቀቂያ ካስገባች ቆይታለች፣ ክፍለ ጊዜዋን የሚረከበው አዲሱ መምህር ሳይቀር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አብሮ አጨበጨበ። ሥራዋን ለቃለች ማለት ነው። ለምኑ ብላ። በእምነት ነዋ፣ እንዲህ ያለ እምነት የት ይገኛል፣ አንቺ ሴትዮ ጤና አለሽ ግን።

ቅዳሜ መናገር ነበረባት። ከዲጋ ስትመጣ እማዬ ልብሱን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ አንገቱ ላይ ጥልፍ ያለው፣ የመዘምራኑን ቀሚስ ስትሰፋ አንድም ጊዜ እንዲህ አልተጠበበችም፣ ልበሺና ልይሽ፣ ለበሰች፣ ዙሪ፣ ዞረች፣ ያኔ ነበር ጊዜው፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠች፣ ፊቷን ሳታይ፣ እማዬ አልገባሁም ብሎ መገላገል፣ ነገሩ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፣ ብርቄ ግን መርፌዎቿን ከንፈሯ መሀል ሰክታ በዚያ በተዘጋ አፏ አትነቃነቂ አለቻት፣ አልተነቃነቀችም፣ በቃ አመለጠ። ብርቄ ትከሻዋን ለካች፣ መልሳ ለካች፣ ምን ያህል ጊዜ ነው ሰው ትከሻ የሚለካው፣ ከዚያ ጎኑን ጠበብ አደረገችው።

አስካለ እያለቀሰች ነው። ማልቀስ እሷ ላይ ያምራል፣ እውነትም አላት፣ የሐኪም ቤት ሰዎች አትወልጂም ያሏት ሴት ናት፣ እዚሁ መድረክ ላይ ማይኩን ይዛ በእምነት አርግዣለሁ አለች፣ እልል ተባለ፣ ከዚያ እውነትም አረገዘች፣ ልጁ ይኸው አሁን ከወንበሮቹ ኋላ ሲራወጥ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰዋል ይሄን ሕዝብ። እዚህ ቤት መጀመሪያ ይመሰገናል፣ ነገሩ ኋላ ይመጣል፣ ይዘገይ ይሆናል እንጂ ይመጣል፣ ነገሩ እስኪመጣ ጠብቆ የሚመሰክር ሰው እምነቱ ምኑ ላይ ነው፣ ይላሉ ኦቦ ጨመዳ፣ ክፋት የላቸውም፣ ከልባቸው ነው። ተረፋስ ግን። ተረፋ እግሬ ተፈውሷል ብሎ ምርኩዙን መድረኩ ላይ ጥሎ እያነከሰ የወረደው፣ ምርኩዙ እስካሁን ከመጋረጃው ኋላ ቆሟል፣ መጥረጊያ መስሏት ልትይዘው ነበር አንድ ቀን፣ ተረፋ ራሱ መምጣት ትቷል፣ ባኬ ጀማ ሰፈር በሌላ ምርኩዝ ሲሄድ አግኝታው አካም ጅርታ፣ እንደምን ነህ፣ ልትለው እጇን ስታነሳ አንገቱን ደፍቶ ወደ ማዶ ተሻገረ። ስለ ተረፋ ማንም አያወራም። ነገ ከነገ ወዲያ ስለ ማስተዋልም ማንም አያወራም፣ ይሄ ነው እንግዲህ የሚጠብቃት።

እሷ እንኳ ያን ቀን እዚሁ መድረክ ላይ ለምስክርነት የቆመችው እንዲህ ልትል አልነበረም። አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ አልፋለች፣ እንግሊዝኛ ነው፣ ነገር ማገናዘብ ነው፣ ከፊዚክስ አንድ መስመር የለበትም፣ ያለፈችውም ለዚያ ነው፣ እና የመጀመሪያውን አልፌያለሁ፣ ዋናው የትምህርት ክፍሉ ፈተና ይቀረኛል፣ ጸልዩልኝ፣ ልትል ነበር፣ ይኸው ነበር፣ ግን ማይክ ሰው ይለውጣል፣ ከፊትሽ ያ ሁሉ ፊት፣ ያ ሁሉ የተከፈተ ዓይን፣ ጸልዩልኝ ማለት ያሳንሳል፣ በእምነት ገብቻለሁ የሚለው ብቻውን ወጣ፣ ሰማችው፣ የራሷ ድምፅ ነው፣ ከዚያ የብርቄ እልልታ ከኋላ ወንበር። ብርቄ እልል ብላ አታውቅም፣ በሰርግ እንኳ አፏን በነጠላ ሸፍና ፈገግ ነው የምትለው። ያ እልልታ ነው ያሰራት። እሱን ማን አፍርሶ፣ እንዴት አድርጎ።

ኦቦ ጨመዳም ማይኩን ተቀብለው እህታችን ኑክሌር ልትማር ነው አሉ፣ ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ኑክሌር አይደለም ቲዮሪ ነው ብትላቸው ምን ሊሉ፣ ቲዮሪ ምንድን ነው ቢሏት እሷስ ምን ልትል። በወረቀት ብቻ የሚሠራ ፊዚክስ። የመረጠችውም እውነቱን ለመናገር ለዚሁ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ቆማ አታውቅም፣ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ላብራቶሪው ተቆልፎ ቁልፉን የያዘው ሰው ትምህርት ላይ ነበር፣ ሙከራውን ካለፈው ዓመት ተማሪ ሪፖርት ላይ ቀድተው ነው ያለፉት፣ ስህተቱን ጭምር፣ እና እሷ አሰበች፣ ዕቃ የማይፈልግ፣ መብራት የማይፈልግ፣ ቁልፍ የማይፈልግ ፊዚክስ ካለ ያ የኔ ነው፣ ወረቀትና እርሳስማ ዲጋም አለ። ሞኝ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ የሚያሳይ ሰው እንደሚፈልግ አላሰበችም።

መምህር ባቻ። የሒሳቡን ኮርስ ያስተማራት ደጉ መምህር ባቻ፣ ተማሪ ሁሉ የሚወደው፣ ሰሌዳው ጥግ ላይ የምዕራፎቹን ርዕስ ይጽፍና በጠመኔው እየነካ ይሄ ይመጣል፣ ይሄ ይመጣል፣ ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም ይላል፣ እፎይ ይባላል ክፍሉ ውስጥ፣ አይመጣም የተባለው ላይ ትልቅ ኤክስ ይደረጋል፣ ማስተዋል እንዲያውም በማስመሪያ ነበር የምታደርገው፣ እንዳይንጋደድባት። ጎበዝ ተማሪ። በማስመሪያ እየሰረዘች በማዕረግ ተመረቀች። ኳንተም ሁለትን በክረምት አጣድፈው ጨረሱት፣ የስታቲስቲካል ሜካኒክሱ መምህር መሀል ላይ ለቆ ሄደና ለሁሉም ኤ ተሰጠ፣ ደስ አላቸው፣ ሻይ ጠጥተው አከበሩት፣ አሁን ስታስበው እንደ ለቅሶ ቤት ይታያታል ያ ሻይ ቤት።

ተዘጋጅታለች ግን። አልተዘጋጀችም የሚላት ካለ ይቅረብ። ኢንተርኔቱ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ እንኳ ነቀምቴ በመጣች ቁጥር ያገኘችውን ሁሉ ከሰው ስልክ ወደ ስልኳ እየጫነች፣ ስልኳ ውስጥ የሌለ የፊዚክስ መጽሐፍ የለም፣ በጠማማ ፎቶ የተነሳ፣ የሰው አውራ ጣት ገጹ ጠርዝ ላይ የሚታይበት፣ ሆሄው እንደ ጤፍ፣ ዲጋ በተከራየችው ክፍል ውስጥ ስልኩን ከጠርሙስ ጋር አስደግፋ ስታነብ ዓይኗ እስኪደማ፣ እና ከየመጽሐፉ ምዕራፍ አንድን ታውቃለች። የሁሉንም ምዕራፍ አንድ። ምዕራፍ ሁለት ላይ ከዚህ ቀደም እንደምታውቀው ይልና አንድ ምልክት ይጽፋል፣ አታውቀውም፣ እሱን ፍለጋ ሌላ መጽሐፍ ትከፍታለች፣ የዚያንም ምዕራፍ አንድ ታነባለች፣ ምዕራፍ ሁለቱ ከዚህ ቀደም እንደምታውቀው ይላል። ማን ነው ይሄ የሚያውቀው ሰው፣ የት ነው ያለው፣ ስንት ጊዜ ስልኩን አልጋው ላይ ወርውራዋለች።

አሜን በሉ ይላሉ ኦቦ ጨመዳ፣ አሜን ትላለች እሷም፣ አፏ ለምዷል።

የትምህርት ክፍሉ ፈተና ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ያ ባቻ ኤክስ ያስደረገበት ነው። መልኩን ታውቀዋለች፣ ሥዕሉን አይታዋለች፣ ቀጥ ያለውን መስመር ከዳር እስከ ዳር መደመር ሲያቅት በላዩ ትልቅ ግማሽ ክብ ይሳልና ዙሪያው ይዘጋል፣ ከዚያ እዚያ ውስጥ የታጠረችውን አንዲት ነጥብ ብቻ ጠይቀው መልሱን ያገኙታል፣ እንዲህ ያለ ተአምር ነው፣ ከዚህ በላይ አታውቅም፣ እና ምን አደረገች፣ ግማሽ ክቡን ሳለችው። አሳምራ። ከመታወቂያዋ ጠርዝ ጋር መስመሩን አስምራ፣ በላዩ ክቡን በአንድ ትንፋሽ አዙራ፣ ነጥቧን መሀል አስቀምጣ፣ ቀስት ሳይቀር አድርጋለት፣ ቁጭ ብላ አየችው። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ወረቀት ጨርሶ ተጨማሪ ይጠይቃል፣ እሷ ሥዕሏን ታያለች። ወደ ላይ የሳለችው መጽሐፉ ላይ ወደ ላይ ስለነበረ ነው። ወደ ታች ቢሆንስ፣ ለምን ወደ ታች አይሆንም፣ ይሄን አንድ ነገር ብታውቅ የቀረው ይፈታ ነበር፣ እርግጠኛ ናት፣ ሌሎቹ ጥያቄዎችም ላይ እንዲሁ፣ መግቢያቸውን ታውቃለች፣ ገብታ መቆም ነው።

ከዚያ ቃለ መጠይቁ፣ ሽማግሌው ፕሮፌሰር፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተበሳ፣ ወረቀቷን ይዘው ሥዕሉን ትንሽ አዩት፣ ፈገግ አሉ፣ ማሾፍ አይደለም፣ ቢያሾፉባት ይሻላት ነበር። ለምን ቲዮሪ ፈለግሽ አሏት። እንዲገባኝ አለች። ምኑ፣ እንጃ፣ ሁሉም፣ እንዲገባኝ። ጥሩ መልስ ነው አሉ፣ አንቱ አላሏትም እንጂ አክብረዋታል፣ እንዲህ አድርጊ አሏት፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሒሳብ ከሥር ጀምረሽ ሥሪው፣ አታንብቢው፣ ሥሪው፣ እያንዳንዱን ጥያቄ በእጅሽ፣ ከዚያ ሜካኒክሱን፣ ከዚያ ኤሌክትሮዳይናሚክሱን፣ ኳንተሙን፣ አንድ ዓመት፣ ሁለትም ይሁን፣ ከሚያርምሽ ሰው ጋር፣ ከዚያ ነይ። ከሚያርምሽ ሰው ጋር። ከዲጋ እስከ ቢላ ከተማ ቢፈለግ ማን ነው የሚያርማት፣ ጌታዬ እሱን ሰው ይስጡኝና እመጣለሁ ልትላቸው ነበር፣ እሺ ብላ ወጣች። እሺ ማለት ትችልበታለች።

ደውላ ነበር ለመምህር ባቻ፣ እዚያው አዲስ አበባ ሳለች፣ የዩኒቨርሲቲው አጥር ላይ ተደግፋ፣ ልትወቅሰው ነበር፣ አዎ ልትወቅሰው፣ መጣ እኮ፣ አይመጣም ያልከው መጣ፣ ግን ድምፁን ስትሰማ ልጅነቷ መጣባትና መምህር፣ ክቡን ለምን ወደ ላይ ነው የምንዘጋው አለችው።  ከጀርባው ልጆች ይንጫጫሉ፣ ቴሌቪዥን ይጮኻል። ከዚያ ሳቀ፣ የድሮውን የዋህ ሳቅ፣ እሱን እኔም ተዘሎልኝ ነው ያለፍኩት፣ አለ፣ መምህራችን አይመጣም ብሎን፣ እውነቱን ልንገርሽ ማስተዋል፣ አላውቀውም። ሊያስቀይማት አልፈለገም፣ ደግ ነው፣ በርቺ አላት፣ በርቺ ልጄ። ወቀሳዋን የት ታድርሰው፣ የባቻን መምህርስ ማን ነግሮት ይሆን፣ የሱንስ መምህር፣ አንዱ ለአንዱ እየዘለለለት የመጣ፣ ከየት እንደ ጀመረ ማንም የማያውቀው፣ እሷም ዲጋ ላይ፣ አዎ እሷም፣ ልጆቹ ይሄስ ቲቸር ሲሏት ጠመኔውን አንስታ አይመጣም ብላለች፣ ባለፈው ወር፣ ከአዲስ አበባ በተመለሰች በሳምንቱ፣ እፎይ አሉ፣ ኤክስ አደረጉ።

ተነሺ፣ ተነሺ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እጁ ሁሉ ከላይዋ ይነሳል፣ ጭንቅላቷ በድንገት ቀለላት፣ ጉልበቷ ላይ የሲሚንቶው ጠጠር ታትሟል፣ ብርቄ ጎንበስ ብላ ቀሚሱን ታራግፍላታለች፣ እና ማይኩ። ኦቦ ጨመዳ ማይኩን ይዘረጉላታል፣ አንድ ቃል ለሕዝቡ፣ ይኸው ነው፣ የምትፈራው ይኸው ነው፣ አመሰግናለሁ ብላ ብትመልሰው ይበቃል፣ ነገ ተሳፍራ ሄዳ አንድ ጥግ ትፈልጋለች፣ የሰው ቤት ታስጠናለች፣ ቀስ ብላ ትመለሳለች፣ ስንቱ እንዲህ ኖሯል፣ አስካለ እንባዋን ጠርጋ እያየቻት ነው፣ ልጇን ታቅፋ፣ ልጁ ጣቱን ይጠባል፣ ሁሉም እያያት ነው፣ ያ ፊት ሁሉ፣ ምርኩዙ ከመጋረጃው ሥር ጫፉ ይታያል፣ እናት ዓለም ያቺ ጫፍ ባትታያት ኖሮ ምናልባት ታመሰግን ነበር።

"አልገባሁም" ትላለች ማስተዋል። ድምጿ ጣሪያው ላይ ደርሶ ይመለሳል። "ፈተናውን ወድቄያለሁ። ዓርብ ነው የነገሩኝ። አልገባሁም፣ አትሸኙኝ።"

 የአስካለ ልጅ ብቻ ውሃ ይላል። አለቀች፣ በቃ፣ ወጣላት፣ እንዴት ይቀላል፣ አሁን ይወቅሷት፣ አሁን ይንጫጩ፣ የሆነ ሰው ለምን ዋሸሽን ይበላት፣ እንዲያውም ትፈልገዋለች፣ አንድ ሰው ተነስቶ ትክክል አይደለሽም ቢላት፣ ቢያርማት፣ ኦቦ ጨመዳን ታያቸዋለች፣ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፣ ሐዘን የለም፣ ምንም አልደረሰባቸውም፣ ፈገግ እያሉ ነው፣ ያ ደግ ፈገግታቸው፣ ማይኩን ከእጇ ቀስ አድርገው፣ ከሕፃን ላይ ቢላዋ እንደሚወስድ ሰው ይወስዱባታል።

"ሂንሶዳቲን፣ አትፍሪ ኢንተላ ኮ" ይሏታል። "ይሄን ያልሽው አንቺ አይደለሽም፣ ፍርሃት ነው። ጌታ የከፈተውን ማንም አይዘጋውም።"

አሜን። አሜን ይላል ሕዝቡ፣ ከቅድሙ የበረታ፣ ተመልሳ ተንበርክካለች፣ ማን እንዳንበረከካት አታውቅም፣ እጆቹ ተመልሰው መጥተዋል፣ አሁን በዝተዋል፣ የአስካለም እጅ አለበት፣ የልጇም ጭምር፣ ትንሽዬ፣ እርጥብ፣ ጆሮዋ አካባቢ፣ የጥርጣሬ መንፈስ ይውጣ እየተባለ ነው፣ እኔ እኮ ነኝ ልትል አፏን ትከፍታለች፣ ጥርጣሬ አይደለም፣ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፣ በሕይወቷ አጣርታ የምታውቀው አንድ ነገር፣ እሱንም ከውስጧ ሊያስወጡት። ወይ ጣጣ። ተረፋም እንዲሁ ሆኖ ይሆን እንዴ፣ ተረፋም ተናግሮ ይሆን፣ እግሬ ያመኛል ብሎ ይሆን፣ እሷም ያን ቀን ከዚህ ሕዝብ ጋር ሆና አሜን ብላ ይሆን፣ አላስታውስም ብትል ማን ያምናታል።

ከኋላ የብርቄ ጣቶች። ልብሱን አይደለም አሁን፣ አንገቷን ነው የያዙት፣ ትንፋሿ ጆሮዋ ሥር ይሞቃል፣ በዚህ ሁሉ ጩኸት መሀል ድምጿ ዝግ ያለ ነው።

"ቅዳሜ ስለካሽ ነው ያወቅሁት" ትላታለች። "ትከሻሽ ወርዶ ነበር። ነገ ተሳፈሪ፣ ይሸኙሽ። አኖ ላይ ውረጂና እህቴ ዘንድ ቆዪ፣ ወሬው እስኪበርድ።"

እማዬ። እልልታሽስ፣ ትላለች በሆዷ፣ እልልታሽ እንዳይፈርስ ነበር እኮ ዝም ያልኩት። ለካ ጎኑን ጠበብ ያደረገችው እንዲያው አይደለም፣ አውቃ ነው፣ አውቃ ሰፋችው፣ አውቃ አለበሰቻት፣ ዛሬም አስጊጣ አንበረከከቻት፣ እና ሁሉን አስባ ጨርሳለች፣ አኖ፣ አዲስ አበባ መንገድ ላይ፣ ሕዝቡ መናኸሪያው ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልባል፣ አውቶቡሱ ሲሬ ከተማን ያልፋል፣ አኖ ሲደርስ ወራጅ ትላለች፣ ሻንጣዋን ይዛ አክስቷ ቤት ትገባለች፣ ከዚያስ፣ አክስቷ የጓሮ በር ያለው ቤት አላት፣ በጓሮ በር እየወጣች እየገባች፣ እስከ መቼ፣ ወሬው እስኪበርድ፣ የሚያርማት ሰው አኖም የለም፣ አኖ ምን አለ፣ መንገድ አለ፣ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ቆሞ ዘይት የሚያይበት መንገድ።

ዓይኗን ጨፈነች። ጩኸቱ ይሂድ፣ ይጩኹ፣ እንጃ፣ ጨለማው ውስጥ ያ ሥዕሏ ቁጭ ብሏል፣ መስመሩ፣ ክቡ፣ ነጥቧ፣ ቀስቱ፣ ሌላ የምታየው ነገር የላትም፣ ታየዋለች፣ ክቡ ላይ ትወጣለች፣ ወደ ላይ፣ ከመስመሩ ከፍ፣ ከፍ ባለች ቁጥር ጥያቄው ላይ ያ ኢ የሚባለው ቁጥር ያለበት ነገር ምን ይሆናል፣ ቆይ፣ ከፍታው ከላይ በኔጌቲቭ ይገባል፣ ቆይ እስኪ፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ይቀንሳል፣ በወጣሽ ቁጥር ይቀንሳል፣ ይጠፋል፣ ክቡ በተለቀ ቁጥር ክቡ ላይ ያለው ሁሉ ሞቶ ያልቃል፣ ወደ ታች ብትወርጅስ፣ ወደ ታች ያብጣል፣ አብጦ አብጦ ይፈነዳል፣ ለዚህ ነዋ፣ ለዚህ ነው እኮ ወደ ላይ የሚዘጋው፣ ወደ ላይ ሲሆን ክቡ ራሱ ምንም አይጨምርም፣ ሄዶ ሄዶ ዜሮ ነው፣ የቀረው መስመሩ ብቻ ነው፣ መስመሩና ነጥቧ፣ ይሄ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ አንድ ሰው አንድ ቀን ጠመኔውን ይዞ ቢለው በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ፣ ነጥቧ ላይ ያለውን ትወስዳለች፣ በሁለት ፓይ አይ ታባዛለች፣ ሁለት አይ ከላይ ሁለት አይ ከታች ይጠፋፋሉ፣ ቀረ፣ ምን ቀረ፣ ፓይ፣ ለኢ ሲካፈል፣ የጥያቄው መልስ፣

እንባዋ ነው ጉንጯ ላይ፣ ኦቦ ጨመዳ አይተውታል፣ ነክቷታል፣ ነክቷታል ይላሉ፣ እጃቸው አናቷ ላይ ይጠብቃል፣ ለማን ትንገረው፣ ለመምህር ባቻ ነው፣ ለእነዚያ ዲጋ ለቀሩት ልጆች ነው፣ ወረቀቱማ ተሰብስቧል፣ ሥዕሉም እዚያው የሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀስቱን ይዞ ቀርቷል፣ ነገ አውቶቡስ ነው፣ ነገ አኖ ነው፣ ክቡ ደግሞ ተዘግቷል፣ አሁን፣ እዚህ፣ በማይጠቅምበት፣

"ፓይ ሲካፈል ለኢ" ትላለች ማስተዋል፣ ጮክ ብላ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

አሜን፣ ይላል ሕዝቡ።